ከማዳመጫ እስከ ትንፋሽ መለኪያ፦ የጣና ዳር ደረት ታሪክ

በዚህ መጽሔት ብዙዎቻችሁ ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌ ሰልፍና ስለ ምርቃት ቀን ትጽፋላችሁ። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ስለ ትንፋሽ ልጽፍ ነው። ነገሩ ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ከፖሊ ወጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባ፣ ከፔዳ ወጥቶ ጠመኔ ሲያቦን የኖረ፣ በሆስፒታል ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ወይም ቤቱ በእንጨት እንጀራ የሚጋገርበት ሰው ሁሉ የዚህ ታሪክ ባለቤት ነው።

በአስም ሕክምና ውስጥ ዛሬ አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። ታካሚው በአፉ ቱቦ ይዞ እፍ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ አንድ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ የአየር ቧንቧው ከውስጥ ተቆጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይጠቁማል። መርፌ የለ፣ ደም የለ፣ ራጅ የለ። ይህ መሣሪያ ከየት መጣ? ምንስ ያያል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ምን ይነግረዋል፣ ምኑንስ ሳይነግረው ይቀራል? ጥያቄው የቴክኖሎጂ ወሬ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል፤ ደረቱ ግን ደህና ላይሆን ይችላል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆሮ፣ የመጀመሪያው መሣሪያ

የሐኪም የመጀመሪያ መሣሪያ ጆሮው ነበር። ሐኪሙ ጆሮውን በታካሚው ደረት ላይ ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። በ1816 ፓሪስ ውስጥ ሬኔ ላኤኔክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ በታካሚዋ ደረት፣ ሌላውን በጆሮው ላይ አደረገ። ድምፁ ጆሮ ከመለጠፍ ይልቅ ጠርቶ ተሰማው። ዛሬ በየጤና ጣቢያው በነርሶችና በሐኪሞች አንገት ላይ የምናየው ማዳመጫ ልጅነቱ ያች ጥቅል ወረቀት ናት።

ጆሮ ግን ቁጥር አይሰጥም። «ሲር ሲር ይላል» ይባላል እንጂ ምን ያህል ሲር እንደሚል አይታወቅም። በ1846 እንግሊዛዊው ጆን ሀቺንሰን አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል አየር እንደሚያወጣ የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎችን ለካበት። ስሙ ስፓይሮሜትር ነው። ከዚያም በ1959 ራይት የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ የትንፋሽን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ አወጣ። ከእሱ በኋላ የመጡት በእጅ የሚያዙ የፕላስቲክ ቱቦዎች መብራትም ባትሪም አይፈልጉም። ይህችን ቱቦ አስታውሷት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚለኩት የአየሩን መጠንና ፍጥነት ነው። ቧንቧው መጥበቡን ይናገራሉ። ለምን እንደጠበበ ግን አይናገሩም። ጡንቻው ተኮማትሮ ነው? አክታ ዘግቶት ነው? ወይስ የቧንቧው ግድግዳ ተቆጥቶና አብጦ? ይህን ለማወቅ ድሮ ቀጭን ቱቦ ወደ ሳንባ አስገብቶ ቁራጭ ሥጋ መውሰድ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለውን ምርመራ ማን ሕፃን ላይ ይደጋግማል?

ጥጥ ሲዳመጥ ደረት ማን አዳመጠ?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተገንብቶ በ1961 ሥራ ጀመረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1963፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ፤ ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱም ጨርቃ ጨርቅ ነበር። ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ከተማችን ከትንሽ የሐይቅ ዳር መንደርነት ወደ ኢንዱስትሪ ከተማነት የተሻገረችው በእነዚህ ዓመታት ነው። በፉጨት የሚነሳ፣ በፈረቃ የሚተኛ አዲስ የከተማ ሰው ተፈጠረ።

አማርኛችን ለጥጥና ለጆሮ አንድ ሥር ያለው የሚመስል ቃል አለው። ጥጥ ይዳመጣል፤ ሰው ይደመጣል። እናቶቻችን ጥጡን በመዳመጫ ከፍሬው ለይተው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት ይፈትሉ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ይኸው ሥራ በማሽን ይሠራል፤ ልዩነቱ አቧራው ነው። የጥጥ በሌ ተፈቶ በሚበተንበትና ባዘቶው በሚበጠርበት ክፍል አየሩ ውስጥ የሚበርረው ብናኝ እንደ ጉም ይንሳፈፋል። በብናኙ ውስጥ የጥጡ ቅጠልና ግንድ ድቃቂ፣ እንዲሁም የባክቴሪያ ቅሪት የሆነ ኢንዶቶክሲን የሚባል ነገር አለ። ሳንባን በዋናነት የሚያስቆጣው ይኸው ኢንዶቶክሲን ነው ተብሎ ይታመናል።

ሕመሙ ቢሲኖሲስ ይባላል። ጠባዩ ልዩ ነው። ሠራተኛው እሑድ ያርፋል፤ ሰኞ ሥራ ገብቶ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ደረቱ ይጠባል፣ ያስለዋል። ማክሰኞ ይሻለዋል። ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ የለቀቀው ይመስለዋል፤ ቀጣዩ ሰኞ ደግሞ ይመለሳል። ዓመታት ሲያልፉ ሰኞም ማክሰኞም አንድ ይሆናሉ፤ ደረቱ ሁልጊዜ ይጠብበዋል። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሺሊንግ የላንክሻየርን የጥጥ ሠራተኞች ሲያጠና በሽታውን በደረጃ የከፈለው በዚህችው የሰኞ ጥያቄ ላይ ተመሥርቶ ነው። ጥያቄዋ አጭር ናት፦ «ሰኞ ደረትህ ይጠባል?»

ይህ ጥያቄ በእኛም ሀገር ተጠይቋል። በ1991 በአንድ የእንግሊዝ የሥራ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። ጥጥ በሚበተንበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶው፣ ባዘቶ በሚበጠርበት ክፍል ካሉት ደግሞ 37.5 በመቶው ቢሲኖሲስ ተገኘባቸው። በሌሎቹ ክፍሎች ቁጥሩ ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር። የአየሩ ብናኝ በኪዩቢክ ሜትር ከ0.86 እስከ 3.52 ሚሊ ግራም ተለካ። ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ በ1978 ለክር ፈተላ ያወጣችው ጣሪያ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። እንግዲህ አስሉት፤ ዝቅተኛው ንባብ እንኳ ከዚያ ጣሪያ ከ4 እጥፍ በላይ፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ17 እጥፍ በላይ ነው።

በ1995 ደግሞ ጥያቄው ባሕር ዳር ደረሰ። ሁለት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ያለውን ቢሲኖሲስና ሌላ የመተንፈሻ ሕመም አጥንተው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ፋብሪካው ከተከፈተ 34 ዓመት ሆኖት ነበር። ልብ በሉ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ማለት የአንድ ሠራተኛ ሙሉ የሥራ ዘመን ነው። በ1961 በወጣትነቱ የተቀጠረ ሰው ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ ጡረታ ደጃፍ ላይ ደርሷል።

ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የማይለካ ነገር በመዝገብ አይገባም፤ በመዝገብ ያልገባ ሕመም ደግሞ «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የትንፋሽ መለኪያው ታሪክም ትምህርቱ ይኸው ነው።

ትንፋሽ ውስጥ ምን አለ?

የምናወጣው አየር ባዶ አይደለም። በ1780ዎቹ ፈረንሳዊው ላቯዚዬ መተንፈስ ማለት እንደ እሳት ያለ ዝግ ያለ መቃጠል መሆኑን፣ ከሰውነት የሚወጣውም ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ጋዝ መሆኑን አሳየ። ሐኪሞችም ከጥንት ጀምሮ የታካሚን ትንፋሽ ያሸቱ ነበር፤ የስኳር ሕመም የጠናበት ሰው አፉ የበሰለ ፍሬ የሚመስል ሽታ አለው። በ1954 ሮበርት ቦርከንስታይን የተባለ አሜሪካዊ ፖሊስ የአሽከርካሪን አልኮል ከትንፋሹ የሚለይ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ ትራፊክ ፖሊስ «ንፋ!» የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። በ1971 ደግሞ ታዋቂው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግ ከአንድ ሰው ትንፋሽ ውስጥ 250 ያህል ልዩ ልዩ ነገሮች እንዳሉ አሳየ።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለአስም ጉዳይ የወጣው ጋዝ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ። ይህን ጋዝ መሐንዲሶች የሚያውቁት ከመኪና ጭስ ነው። አየር የሚበክል፣ የከተማን ሰማይ የሚያጠቁር ተብሎ የሚረገም ጋዝ ነበር። በ1980 አሜሪካዊው ሮበርት ፈርችጎት የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሥሩን የሚያላላ አንድ ምሥጢራዊ ነገር እንደሚያመነጭ አሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ምሥጢራዊ ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ ሆኖ ተገኘ። የተረገመው ጋዝ በሰውነታችን ውስጥ መልእክተኛ ነው! በ1998 ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሽልማቱ መሥራች አልፍሬድ ኖቤል ሀብት ያፈራው በናይትሮግሊሰሪን ፈንጂ ነው፤ ያው ናይትሮግሊሰሪን ለልብ ሕመም መድኃኒት የሚሆነው ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድን ስለሚለቅ ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ዞሮ ይገጥማል።

በ1991 በስዊድን ስቶክሆልም በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ያሉ ተመራማሪዎች ጋዙ በጥንቸል፣ በጊኒ ፒግና በሰው ትንፋሽ ውስጥ እንዳለ ዘገቡ። የተጠቀሙት ስልት ቀድሞ በጭስና በአየር ብክለት ልኬት የሚታወቅ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ደካማ ብርሃን ይፈነጥቃል፤ ማሽኑ ያንን ብርሃን ይቆጥራል። በ1993 ደግሞ ከዚያው ከተማ የመጣ ቡድን ዋናውን ነገር ነገረን፦ አስም ያለባቸው ሰዎች ትንፋሽ ውስጥ ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከጤነኞቹ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነበር።

ምክንያቱን በቀላሉ እንየው። በአለርጂ ዓይነት አስም ውስጥ የሰውነት መከላከያ ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ወደ አየር ቧንቧ ይጠራል። ይህን ጥሪ የሚያስተላልፉት መልእክቶች የቧንቧውን ሽፋን ሴሎችም ናይትሪክ ኦክሳይድ በብዛት እንዲያመርቱ ያዛሉ። ጋዙ ወደ አየሩ ይገባል፤ በትንፋሽ ይወጣል። ስቴሮይድ ያለበት በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሲወሰድ ደግሞ ጋዙ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ሁለት ነገር ይጠቁማል፤ እሳቱ መኖሩን፣ መድኃኒቱም እሳቱን ማብረዱን። መድኃኒቱን እቤት ያስቀመጠ ታካሚም ብዙ ጊዜ በዚህ ቁጥር ይታወቃል።

እፍ የማለት ሥርዓት

አንድ ሰው እንደፈለገው እፍ ቢል ቁጥሩ አይታመንም። አፍንጫ ውስጥና በዙሪያው ባሉት ክፍት ቦታዎች ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሳንባው እጅግ ይበልጣል፤ ያ ከተቀላቀለ ልኬቱ ይበላሻል። ፍጥነቱም ይወስናል፤ በዝግታ ሲነፋ ቁጥሩ ይጨምራል፣ በኃይል ሲነፋ ይቀንሳል። በ2005 የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት በአንድ ሥርዓት ተስማሙ፦ ታካሚው አየር በደንብ ስቦ፣ ትንሽ ጫና እየተቋቋመ፣ በሰከንድ 50 ሚሊ ሊትር ፍጥነት ያውጣ። ጫናው ጉሮሮ ላይ ያለውን መጋረጃ ስለሚዘጋ የአፍንጫው አየር አይቀላቀልም። አዋቂ ወደ 10 ሰከንድ፣ ሕፃን ወደ 6 ሰከንድ ይነፋል።

በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መሣሪያውን ለሕክምና የፈቀደው በ2003 ነው። መጀመሪያ ትልቅ ሣጥን ነበር፤ ኋላ በኬሚካላዊ ሴንሰር የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ሆነ። ልኬቱ በቢሊዮን ስንት እጅ የሚል ነው። በ2011 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ለአዋቂ ከ25 በታች ዝቅተኛ፣ ከ50 በላይ ከፍተኛ ይላል፤ ለሕፃናት ደግሞ ከ20 በታችና ከ35 በላይ። በመካከል ያለው ቁጥር ሐኪሙ ከሌላው ምልክት ጋር አስተያይቶ የሚፈርድበት ነው። ከፍተኛ ቁጥር ያለው ሰው በስቴሮይድ የመሻል ዕድሉ ሰፊ ነው ማለት ነው እንጂ፣ ቁጥሩ ብቻውን «አስም አለብህ» አይልም።

የማይታየው ብግነት

አሁን ወደ ሰኞው ሠራተኛ እንመለስ። ያ ባዘቶ ሲያበጥር የኖረ ሰው ይህን መሣሪያ ቢነፋ ምን ይሆናል?

ኢንዶቶክሲን በዋናነት የሚጠራው ኢዮሲኖፊልን ሳይሆን ኒውትሮፊል የሚባለውን ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴል ነው። ይህ ዓይነቱ ብግነት ናይትሪክ ኦክሳይድን እንደ አለርጂው አስም ከፍ አያደርግም። ሠራተኛው ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ማጨስ ራሱ ቁጥሩን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ያ ሰው እያሳለው፣ ደረቱ እየጠበበው፣ ማሽኑ 14 ወይም 15 ሊያወጣ ይችላል። ማሽኑ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። «የአለርጂ ዓይነት ብግነት አለ ወይ?» ሲባል «አይታይም» አለ። ይህን «ሳንባህ ደህና ነው» ብሎ የተረጎመ ሰው ካለ ስህተቱ የማሽኑ አይደለም።

ሌላም አለ። ናይትሬት የበዛበት አትክልት ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። በጾም ወራት ጎመኑን፣ ቆስጣውንና ሰላጣውን አጥግቦ በልቶ የመጣ የባሕር ዳር ሰው ከመንፋቱ በፊት ምን እንደበላ መጠየቅ አለበት። ከፍታም ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። በ2001 የቲቤትና የቦሊቪያ ከፍታ ነዋሪዎች ትንፋሽ ውስጥ ከዝቅተኛ ቦታ ሰዎች የበለጠ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዳለ ተዘግቧል። በቀጣዩ ዓመት ያው አሜሪካዊት ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ባሉበት ቡድን፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ደማቸው በሄሞግሎቢንም በኦክስጅንም ከባሕር ጠለል ነዋሪ ጋር የተቀራረበ መሆኑን ጻፈች። የቲቤቱ ሰው ለከፍታ የሰጠው መልስ ሌላ፣ የቦሊቪያው ሌላ፣ የእኛው ሰው ደግሞ ሌላ ነው። እንግዲህ በሌላ ሀገር ሰው ላይ የተወሰነን የቁጥር ድንበር እንዳለ አምጥቶ እዚህ መትከል አይቻልም።

በሀገራችን የተጀመረው

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ አይደለችም። በ1997 ላንሴት በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱበት የአስም ጥናት ወጣ። አስም በከተማው ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ ተገኘ። ከተማነት ሲመጣ አስም ለምን ይከተላል የሚለውን የዓለም ክርክር ካቀጣጠሉት ጥናቶች አንዱ ይህ ነው።

በ2013 ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ስፔሻሊስቶችን በሀገር ውስጥ የሚያሠለጥን ፕሮግራም ተጀመረ። ከዚያ በፊት ለሀገሪቱ ሕዝብ የነበሩት የሳንባ ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የትንፋሽ ናይትሪክ ኦክሳይድ ልኬትም እኛው ዘንድ ደርሷል። በ2015 የአዲስ አበባና የኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የአበባ እርሻ የሚሠሩ ሴቶችን ያጠኑበት ሥራ ታተመ። ጥናቱ ሦስት ነገር አብሮ ለካ፦ የመተንፈሻ ምልክታቸውን፣ በአየሩ ያለውን ኢንዶቶክሲን፣ እና በትንፋሻቸው ያለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ። አካሄዱ ትክክለኛ ነው። ማሽኑን ብቻ አልያዙም፤ አየሩንም ለኩ፣ ሴቶቹንም ጠየቁ። በእኛ አካባቢም የአበባ እርሻ አለና ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በራሳችን ዩኒቨርሲቲ የተሠራም አለ። ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው በሜጫ ወረዳ፣ በመራዊ ዙሪያ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ በ2021 ታተመ። ጥያቄው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ የሕፃናትን አጣዳፊ የሳንባ ሕመም ይቀንሳል ወይ የሚል ነበር። መልሱ ብዙ ሰው የተመኘው አልነበረም፤ በሕመሙ ላይ ግልጽ ቅናሽ አልታየም። ይህን በክብር ማተም ትልቅ ነገር ነው። ጭሱ በከፊል ቢቀንስ እንኳ ቤቱ ጭስ ቤት ሆኖ ከቀረ የሕፃን ሳንባ እንደማያርፍ ነው የሚነግረን። ባሕር ዛፉም፣ ኩበቱም፣ ቅጠሉም እዚያው አለ፤ የምትጋግረው እናትም ሕፃኗን አዝላ እዚያው ጭሱ ውስጥ ናት።

ታዲያ ለጣና ዳር ምን ይበጃል?

«መሣሪያውን እንግዛ» የሚል ድምፅ ከአንዳንዶቻችሁ እሰማለሁ። ጥሩ ነው፤ ግን ቅደም ተከተል አለው። የመሣሪያው አፍ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ የሚያገለግል ነው። ሴንሰሩም ዕድሜው ተቆጥሮ ያልቃል፤ በውጭ ምንዛሪ መተካት አለበት። መሣሪያ ተገዝቶ ሴንሰሩ ሲያልቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ በየቦታው ያየን ሰዎች ነን።

ማን ይጠቀምበታል ብለን ብንጠይቅ መልሱ ግልጽ ነው። ሌሊት ሌሊት ሲያስለው የሚያድር፣ በየወሩ አንቲባዮቲክ የሚታዘዝለት፣ «ኒሞኒያ ነው» እየተባለ የሚመላለስ ሕፃን አለ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ምልክቱም ቢገጥም፣ ይህ ልጅ የሚያስፈልገው አንቲባዮቲክ ሳይሆን በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ ሊሆን ይችላል። ቶሎ የሚያስተነፍሰውን ሳልቡታሞል ብቻ እየተጠቀመ የሚኖርም ሰው አለ፤ ሳልቡታሞል ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ ብግነቱን አያጠፋም። ለእነዚህ መሣሪያው በእርግጥ ይረዳል። ግን ስቴሮይዱ በፋርማሲ ከሌለ ቁጥሩን ማወቅ ምን ይሠራል? ስለዚህ መድኃኒቱ ከመሣሪያው ይቀድማል።

ለጥጡ ሠራተኛ፣ ፎገራ ሩዝ ለሚፈለፍለው፣ ወፍጮ ቤት ለሚውለው ሰው ደግሞ የሚቀድመው ሌላ ነው። ያች መብራት የማትፈልግ የፕላስቲክ ቱቦ ትዝ ትላችኋለች? ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይገባ ይንፋ፤ ሰኞ ማታ ሲወጣ ይንፋ። ቁጥሩ ከወረደ ሥራው እየጎዳው ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ጉዳይ የሐኪም ሳይሆን የመሐንዲስ ነው፤ ብናኙን ከምንጩ የሚመጥ የአየር መሳቢያ፣ ማሽኑን መክደን፣ አቧራውን በመጥረጊያ ከመጥረግ በመምጠጫ ማንሳት። ለቢሲኖሲስ ዋናው መድኃኒት የጸዳ አየር ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ድርሻ የሚመጣው። ፖሊና በ1972 የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ በ2000 ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት አለ፣ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አለ፣ የሕክምና ኮሌጅና የጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ። የብናኙን ምንጭ የሚያውቀው፣ ጋዙን የሚለካው፣ ደረቱን የሚያዳምጠው ሦስቱም የእኛው ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን አይተዋወቁም፤ የሚገናኙት እንዲህ ባለው የዓመት በዓል ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ከፎቶው በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በፋብሪካ ኃላፊነት ላይ ያላችሁ፣ የሠራተኞቻችሁን የጤና መዝገብ ገልጣችሁ እዩ፤ «ሰኞ ደረትህ ይጠባል?» የሚለው ጥያቄ አለበት ወይ? ሐኪሞች የሆናችሁ፣ ሳል ይዞት ለሚመጣ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁና በካርዱ ላይ ጻፉት። ኬሚስቶች የሆናችሁ፣ የባሕር ዳር ጤነኛ ሰው ትንፋሽ ውስጥ ያለው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ በጾምና በፍስክ፣ በከተማና በገጠር፣ ለምረቃ ጽሑፍ የሚሆን ሰፊ ርዕስ ነውና ተማሪዎቻችሁን አሰማሯቸው። ውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ፣ አንድ ካርቶን የፕላስቲክ መንፊያ ቱቦ በሻንጣ ይገባል።

በ1961 ሥራ የጀመሩት ሠራተኞች ደረታቸው በመዝገብ ለመግባት 34 ዓመት ጠብቋል። ዛሬ በየፈረቃው የሚገቡት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። መልካም በዓል ይሁንላችሁ፤ በሰላም ያገናኘን።